በሩን የዘጋ እጅ

በበዓል ዋዜማ በየጓዳው የሚፈጸም አንድ ሥርዓት አለ። የታረደችው ዶሮ በፈላ ውኃ ተነክራ ትነጫለች፤ የቀረው ላባዋ በእሳት ይለበለባል፤ አሥራ ሁለት ብልቷ በየተራው ይገነጠላል፤ ከዚያም በሎሚና በጨው እየታሸች፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ደጋግማ ትታጠባለች። በዚህ ሥራ የሚለግም ባለሙያ የለም፤ የዶሮ አስተጣጠብ የባልትና መለኪያ ነውና። ይሁንና ከዚያው ጓዳ ጀርባ፣ ያቺ ዶሮ ወራት ያሳለፈችበት ቤት ወለሉ በኩስ ተጋግሮ፣ መጠጫው አረንጓዴ ለብሶ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ለበድኗ ሰባት ውኃ ያፈሰሰ ቤት፣ ለሕይወቷ ስንት ጊዜ መጥረጊያ አነሣ?

ጥያቄው የጽዳት ብቻ መስሎ ይታያል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ሰው ሊበላው ላሳደገው፣ ሊያመሰግነውም ሆነ አቤት ሊልበት ለማይችል ፍጡር ምን ዕዳ አለበት? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 በታተመው መጽሐፉ፣ ለእንስሳ የሚገባውን ለመወሰን መመዘኛው የማሰብ ወይም የመናገር ችሎታው ሳይሆን ሥቃይ የሚሰማው መሆኑ ነው ሲል ተከራክሯል። ዶሮ ሥቃይ እንደሚሰማት ደግሞ እርጥብ ኩስ ላይ ስትቆም ከርማ ውስጥ እግሯ የሚያወጣው ቁስል ምስክር ነው።

በገጠሩ ልማድ የሐበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ እየጫረች ትለቅማለች፤ ማታ ከባለቤቶቿ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በቆጥ ላይ ታድራለች። ሲነጋ በሩ ይከፈታል፤ እርሷ ወደ ሜዳዋ ትወጣለች፤ የቤቱ እመቤትም ከቆጡ ሥር ያለውን ከቤቱ ጥራጊ ጋር አብራ ታወጣዋለች። ኩሱ የሚሸተው ለባለቤቱ ስለሆነ ሳይጠረግ አይውልም። የከተማው ጓሮ ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2022) በኢትዮጵያ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ተጀምሮ እንቁላልና ዶሮ በየቤቱ እንዲመረት መበረታታቱ፣ በግቢ ጥግ በሽቦና በቆርቆሮ ለሚሠራው የዶሮ ቤት አዲስ ጉልበት ሰጥቶታል። ዶሮዋ ከሰው ቤት ወጥታ የራሷን ቤት አገኘች፤ ሽታዋም ከባለቤቷ አፍንጫ ራቀ።

የዕዳው መነሻ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቤት ዶሮ ዋና የዘር ግንድ የሆነችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ዶሮ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ታድራለች፤ ኩሷ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሲነጋ ትታው ትሄዳለች። መጥረጊያ የማያስፈልጋት መሄድ ስለምትችል ነው። ሰው በሩን በዘጋባት ዕለት ከቆሻሻዋ የመራቅ አቅሟን ወሰደባት፤ የወሰደውን አቅም በራሱ እጅ ሊተካላት ይገባል። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ መድብሎች የሚገኝ አንድ ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል፤ አንዲት ሴት ድመት ዘግታ፣ ራሷም ሳታበላት፣ ወጥታም ከምድር የምታገኘውን እንዳትበላ ከልክላ ስለ ገደለቻት ለቅጣት ተዳረገች። ጥፋቷ አለማብላት ብቻ አልነበረም፤ ዘግቶ አለማብላት ነበር። መጽሐፈ ምሳሌም በ12ኛው ምዕራፉ ለእንስሳ ነፍስ መጠንቀቅን ከጻድቅ ሰው ምልክቶች ይቆጥረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው «ይህ ሁሉ ሐተታ ስለ ምን? ቤቱን የማያጸዳ እንቁላል ያጣል፤ ጥቅሙ ራሱ ያስተምረዋል» ሊል ይችላል። አነጋገሩ እውነትነት አለው። በኩስ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ እርጥበት ሲያገኝ በባክቴሪያዎች ይፈርስና አሞኒያ የተባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም የዶሮዋን ዓይንና መተንፈሻ አካል እየቆጠቆጠ ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል። ጫጩቶችን ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስይዘው የኮክሲዲዮሲስ ተሕዋስ ከኩስ ጋር ወጥቶ በሞቀና በረጠበ ጉዝጓዝ ላይ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ሌላዋን ለመበከል ይደርሳል። በቆጡ እንጨት ስንጥቅ ቀን የሚደበቁ ጥቃቅን ተባዮችም በሌሊት ወጥተው ደሟን ይመጥጣሉ። ይህ ሁሉ ከእንቁላሉ ላይ ይቀነሳል።

ጥቅም ግን የሚያስተምረው እስከ ራሱ ድንበር ድረስ ነው። እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ፣ ለፋሲካ ልትታረድ አንድ ሳምንት የቀራት ዶሮ፣ በጥቅም ሚዛን መጥረጊያ አይገባትም። የባለቤቷ ምግባር የሚፈተነው ግን በዚያች በመጨረሻዋ ሳምንት ነው።

ጥቅምን ብቻ አምኖ መቀመጥ የማያዋጣበት ሌላም ምክንያት አለ፤ አፍንጫ ይለምዳል። ወደ ዶሮ ቤት በየቀኑ የሚገባ ሰው ቀስ በቀስ ሽታውን ማስተዋል ይተዋል፤ ያልሸተተው ሁሉ ንጹሕ ይመስለዋል። በዚያ ላይ ሰው ቆሞ የሚተነፍሰውና ዶሮዋ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብላ የምትተነፍሰው አየር አንድ አይደለም። ስለዚህ የዶሮ እርባታ አዋቂዎች ቁጢጥ ብሎ በዶሮዋ ቁመት ልክ ማሽተትን ይመክራሉ። ምክሩ ከዶሮ ቤት ያለፈ ትርጉም አለው፤ የሌላውን ኑሮ ሊመዝን የሚሻ አስቀድሞ ወደ ቁመቱ ዝቅ ሊል ይገባዋል።

ሥራው ራሱ የረቀቀ ጥበብ የለበትም። በየማለዳው ከቆጡ ሥር ያለውን መጥረግ፣ መጠጫውን አጥቦ መሙላት፤ የረጠበ ጉዝጓዝ ሲገኝ ወዲያው አውጥቶ ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ገለባ መተካት፤ በየሳምንቱ የቆጡን ስንጥቅ መመርመር፣ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ የላላውን ሽቦ ማጥበቅ፣ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ መድፈን፤ ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት ደረቅ አፈርና አመድ ማኖር፤ በየጊዜውም ሁሉን አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ግድግዳውን ኖራ መቀባት። ቅደም ተከተሉ ግን አይዘለልም። በቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ፀረ ተሕዋስያን ኃይሉን ያጣል፤ በረኪና አሞኒያ ካለበት ኩስ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

የዚህ ሥራ ክብደት አለማለቁ ነው። ቤቱን የሠራ «ሠራሁ» ብሎ ያርፋል፤ የጠረገ ግን ነገም ይጠርጋል። ለምረቃ የሚያጨበጭብ ሞልቷል፤ ለጥገና ግን ማንም አያጨበጭብም። ሆኖም ዕዳው አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚዘጋ አይደለም፤ ዶሮዋ በየዕለቱ ተዘግታ ታድራለችና በየዕለቱ ይከፈላል።

የቀረው «ማን ይጥረግ?» የሚለው ነው። በብዙ ቤት መጥረጊያው የሚደርሰው ለሕፃን ወይም ለቤት ሠራተኛ ነው፤ እንቁላሉን የሚቆጥር ሌላ፣ አቧራውን የሚውጥ ሌላ። የደረቀ ኩስ ብናኝ ሳንባን ያውካል፤ ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ጀርሞችም ከእጅ ወደ አፍ ይሻገራሉ። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ለዚያ ሥራ ብቻ የተለየ ጫማ፣ ሳሙናና ውኃ ሳይሰጡ «ጥረጊ» ማለት የዶሮዋን ዕዳ በሠራተኛዋ ሳንባ መክፈል ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት በእንስሳ ላይ የሚጨክን በሰውም ላይ መጨከንን ይለምዳል ብሎ ያስተምር ነበር። ለዶሮው እየራራ በሠራተኛው የሚጨክን መኖሩን ግን ጓሮው ያሳያል። ስለዚህ ባለቤቱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን መጥረጊያውን በራሱ እጅ ቢይዝ፣ የሥራውን ድካምም የሽታውንም ልክ ያውቃል፤ ሽታና ዝንብ አጥር አያግዳቸውምና የጎረቤቱንም ትዕግሥት ይረዳል።

በመጨረሻም «ነገ ቢላዋ ለሚጠብቃት ዛሬ መጥረግ ግብዝነት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ሞቷ ግን የጥቂት ጊዜ ነገር ነው፤ ኑሮዋ ብዙ ቀን ነው። ሞቷን የወሰነ ሰው ቀኖቿን የማክፋት መብት በዚያ አላገኘም። ብልቷን በሎሚ ማጠብ የሚበላውን እንግዳ ማክበር ነው፤ ቤቷን መጥረግ ግን እርሷን ራሷን፣ በሕይወት ሳለች ማክበር ነው። ባልትና ሁለቱንም ቢይዝ መልካም ነው። ማታ በሩን የሚዘጋ እጅም ማለዳ መጥረጊያ ይዞ ይመለስ።