ይቅርታ የማይመልሰው

በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማስነሳት ነቀምቴ ባለው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለሚያጠና ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ ቨርቹዋልቦክስ ያለ ፕሮግራም ከዋናው ማሽን ጉልበት ተበድሮ ራሱን የቻለ የሚመስል ቨርቹዋል ማሽን ያቆማል። ይህ የውስጥ ማሽን የሚያስቀና ጸጋ አለው፤ ስናፕሾት ይሉታል። የዲስኩና የሜሞሪው ይዞታ እንዳለ ይቀመጥና፣ ቫይረስ ቢገባ ወይም ፋይል ቢበላሽ ማሽኑ ወደዚያች ቅጽበት ይመለሳል፤ ጥፋቱም እንዳልነበረ ይሆናል። ፍላሽ ሲሰካበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ፕሮግራሙ ፍላሹን ከዋናው ማሽን ወስዶ ለውስጡ ያስረክባል፤ ከዚያ ወዲያ የውስጡ ማሽን ፍላሹ ላይ የሚጽፈው ከራሱ ዓለም ውጭ ባለ ዕቃ ላይ ነው። ስናፕሾቱ ሲመለስ ማሽኑ ይነጻል፤ ፍላሹ ላይ የሰፈረው ቫይረስ ግን ባለበት ይቆያል፤ ነገ ፎቶኮፒ ቤት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ይቅርታ ያለን እምነት ብዙ ጊዜ ከስናፕሾት የማያልፍ ስለሚመስለኝ ነው። በዳይ ተናዘዘ፣ አለቀሰ፣ ይቅር ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የሚያነሳ ሰው ቂመኛ ይባላል። ይቅርታ ግን የሚመልሰው በዳዩን ነው፤ ከእጁ ወጥቶ በሌላው ሕይወት ላይ የሰፈረውን አይፍቅም። ስለዚህ ካሣ በይቅርታ ላይ የሚደረብ ጌጥ ሳይሆን ራሱን የቻለ ግዴታ ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከነቀምቴ መራቅ አያስፈልግም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። በኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፣ እርሱም በ1904 ነቀምቴ ገባ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው። ስሙም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና ደብዳቤ የጻፈለት ባሪያ ስም ነው። በዚያች አጭር መልእክት ጳውሎስ ለባሪያው ምሕረት ይለምናል፤ በዚያው እጁ ግን ያጎደለው ነገር ካለ በራሱ ላይ እንዲቆጠር፣ ራሱም እንደሚከፍል ይጽፋል። ጸጋን አጥብቆ የሰበከው ሐዋርያ ዕዳውን አላድበሰበሰም።

መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር በሰደደችበት በወለጋ ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሉተራውያን ነው፦ ካሣ ከጠየቅህ ጸጋን ልትሸጥ ነው፤ ሉተርስ እ.ኤ.አ. በ1517 የተነሣው በዚሁ ላይ አይደለም? ሉተር የተቃወመው ግን የኃጢአት ስርየት በገንዘብ መሸጡን ነው። ካሣ ለእግዚአብሔር አይከፈልም፤ የሚከፈለው ለተበደለው ሰው ነው። እስልምናም የሰው ሐቅ ሳይመለስ ተውበት ሙሉ አይሆንም ሲል ይህንኑ ልዩነት ይጠብቃል። ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ያማል፤ ለሞተ ሰው ምን ዓይነት ካሣ አለ? የኦሮሞ የጉማ ሥርዓት የመለሰው ይመስለኛል። የገዳይ ወገን በሽማግሌዎች ፊት ለሟች ወገን ሲከፍል ከብቱ የነፍስ ዋጋ ነው የሚል የለም፤ ደሙ መፍሰሱን በአደባባይ ማመን ነው። እርግጥ ነው፣ ወገን ከፍሎለት ገዳዩ ምንም ሳይሰማው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ካሣም ብቻውን አይበቃም፤ የእኔም ክርክር ይበቃል የሚል አይደለም።

ነገሩ የሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። እንዲህ ላሉ በደሎች የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ዕርቅንም ማካካሻንም ይዟል፤ እኛ ግን ዕርቁን በጭብጨባ አስቀድመን ማካካሻውን ወደ ሌላ በጀት ዓመት መግፋት ይቀናናል። ለሽምግልና የምትቀመጡ ቄሶች፣ ሼኮችና የአገር ሽማግሌዎች (ጃርሳ ቢያዎች)፦ ተጎጂውን "ይቅር በል" ከማለታችሁ በፊት የተቃጠለ ቤቱን ማን እንደሚሠራለት ጠይቁ፤ መልሱንም በቃለ ጉባኤ አስፍሩት።