ጆሮሽን አደራ

ልጄ፣ ኪው 400 አውሮፕላን ላይ ረዳት አብራሪ ሆነሽ መመደብሽን ሰምቼ በጣም ደስ አለኝ። ስለ በረራው አሠልጣኞችሽ ይነግሩሻል፤ እኔ ስለ ጆሮሽ ልንገርሽ። ከእኔ ጋር ከበረሩት መካከል ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ሲያወሯቸው የማይሰሙ አሉ።

በጩኸት የሞተ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች፣ በተለይ 4000 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ሰው ቶሎ አይነቃበትም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በቀን ለ8 ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 91 ላይ ሲደርስ 2 ሰዓት ብቻ ነው።

ባትሪ የሌለውን ሄድሴት አትናቂው። አረንጓዴው የዴቪድ ክላርክ ሄድሴት ጩኸቱን የሚመክተው በጠንካራ ሽፋኑ፣ በውስጡ ባለው ስፖንጅና ጭንቅላት ላይ በሚይዝበት ጥብቀት ነው። ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ያቆማል፤ የፕሮፔለሩን ወፍራም ጉርምርምታ ግን ያን ያህል አይችለውም። እዚያ ላይ ጩኸቱን በኤሌክትሮኒክስ የሚቀንሰው ባለ ባትሪው ይበልጣል፣ አልክድም። ነገር ግን ባትሪው አየር ላይ ሲያልቅ የሚቀርልሽ ያው ሽፋኑ ነው።

ስለዚህ ዋናው ነገር ጆሮሽ ዙሪያ የሚያርፈው ትራስ ነው። የመነፅርሽ ዘንግ ወፍራም ከሆነ፣ ሹሩባሽ ወይም ጉትቻሽ ከሥሩ ከገባ፣ በር ዘግቶ መስኮት እንደመክፈት ነው። ሞተር ከተነሣ በኋላ ሁለቱንም ሽፋን በመዳፍሽ ጫን አድርጊ፤ ጩኸቱ ቀነስ ካለ ድምፅ እየገባ ነው። ቀጭን ዘንግ ያለው መነፅር ግዢ፣ ጉትቻውን አውልቂ፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ ሰብስቢ። ትራሱ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይሪው፤ ዋጋው ከሄድሴቱ ጋር አይወዳደርም።

ግንባርሽን ሲያምሽ ደግሞ አላልተሽ አትልበሺው፤ የአናቱን ማሰሪያ አስተካክዪ። ሬዲዮው አልሰማ ሲልሽም ድምፁን ከመጨመርሽ በፊት ትራሱን ፈትሺ። ብዙዎች ጩኸቱን በጩኸት ሲያሸንፉ ነው ጆሯቸውን ያጡት።

አውሮፕላኑን ዞረሽ ስትፈትሺም ሌሎች ሞተሮች አጠገብሽ ስለሚጮኹ የጆሮ መድፈኛ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የመስማት ምርመራ አድርጊና ወረቀቱን ቤትሽ አስቀምጪ። በየዓመቱ ከአዲሱ ውጤት ጋር አስተያዪው፤ 4000 ላይ ዝቅ ማለት ከጀመረ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ።