ድምፃችንና የጎረቤት ሐቅ



ደብረ ማርቆስን የሚያውቅ ሰው ማለዳዋንም ያውቃል። ገና ጎህ ሳይቀድ የአውቶቡስ ጥሩምባና የረዳቶች ጥሪ ከመናኸሪያው ይሰማል። ቀን የሱቆች ሞንታርቦ፣ ማታ ደግሞ የመጠጥ ቤቶች ሙዚቃ ይከተላል። እኛ ሙስሊሞችም በዚህ ሁሉ እናማርራለን። በተለይ ዘፈኑ ከዒሻ ሶላት ጋር ሲጋጭ ያንገበግበናል፤ ቅሬታችንም ተገቢ ነው። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን እኛው ራሳችን ስለምናሰማው ድምፅ ነው። አንዳንዱን አንባቢ እንደሚጎረብጠው አውቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ረመዳንን እዚያው ከቤተሰቤ ጋር አሳልፌ ነበር። በአቅራቢያችን ያለው መስጊድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ የተቀዳ ዳዕዋ በውጭ ድምፅ ማጉያ ያሰማል። እኔ ለሰሑር ስለምነሳ አልከበደኝም። አጥር የምንጋራቸው ክርስቲያን እናት ቤት ግን አራስ ነበረች። እኚህ ሴት እናቴ በታመመችበት ወቅት ከአጠገቧ ሌሊቱን ያደሩ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ብላቸው፣ «ይመስገን ልጄ፣ ሕፃኑ ነው እንጂ እንቅልፍ እምቢ ያለው» አሉኝ። ስለ መስጊዱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዝምታቸው ከወቀሳ በላይ ከነከነኝ።

ወንድሞችና እህቶች! ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ሚቅዳድ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሌሊት ሲገቡ ያቀርቡት የነበረው ሰላምታ የነቃው የሚሰማው፣ የተኛውን ግን የማይቀሰቅስ እንደነበር ይነግሩናል። እኛስ የማንን ፈለግ ነው የምንከተለው?

«የተኛውን ለማንቃት፣ ሸይጧንንም ለማባረር ነው» የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። ይህ ምክንያት አዲስ አይደለም። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት፣ ዑመር (ረ.ዐ.) በሌሊት ሶላት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ መቅራታቸው ሲጠየቁ የሰጡት ምክንያት ይኸው ነበር። አቡበክር (ረ.ዐ.) ደግሞ የሚያናግሩት ጌታ ስለሚሰማቸው ዝቅ አድርገው ይቀሩ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡበክርን ጥቂት ከፍ፣ ዑመርን ጥቂት ዝቅ እንዲያደርጉ አዘዙ። ያለ ምንም ማጉያ የወጣው የዑመር ድምፅ ዝቅ ይበል ከተባለ፣ የኛው በኤሌክትሪክ የሚጮኸው ምን ሊባል ነው?

አዛን ከዚህ የተለየ ነው። አዛን ሊሰማ የተደነገገ፣ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ጥሪ ነው። ለእርሱም ቢላል (ረ.ዐ.) የተመረጡት ድምፃቸው ያማረና የሚዘልቅ ስለነበር ነው። ማጉያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሲያንባርቅ ግን ቃሉ ይሰባበራል፤ ውበቱም ይጠፋል። በሱረቱ ሉቅማንም አባት ልጁን ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ሲመክረው እናነባለን።

የአገራችን ሕግም ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ይቆጥረዋል። በወጣውም ደረጃ መሠረት የመኖሪያ አካባቢ ድምፅ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። ልኬቱ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል በ10 እጥፍ እንደሚያድግ ልብ ይበሉ። የቆርቆሮ ጣሪያና የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ይህን ብዙም አይገቱትም። ሌሊት የሚረብሽ ድምፅ እንቅልፍ ከመንሳት አልፎ የደም ግፊትና የልብ በሽታን እንደሚያባብስ ሐኪሞች ያስረዳሉ። ሁለቱ ሐረሞች የሚገኙባት ሳውዲ ዓረቢያም በ2013 ዓ.ም. የመስጊዶች የውጭ ድምፅ ማጉያ ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲውል፣ መጠኑም ከመሣሪያው አቅም ከሲሶ እንዳይበልጥ አዝዛለች።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የውጭው ማጉያ ለአዛን ብቻ ይሁን፤ ዳዕዋና ቂርአት ለጀማዓው በውስጥ ይሰማ። ሁለተኛ፣ ማጉያው ከቅርብ ቤቶች፣ ከትምህርት ቤትና ከሐኪም ቤት ይዙር። ሦስተኛ፣ መጠኑን የሚቆጣጠር አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ እርሱም ከጎረቤት አጥር ሥር ቆሞ ያዳምጥ።

ይህን የምለው አይቼው ነው። በዚያው ረመዳን ከመስጊዱ ኮሚቴ አንዱን ሐጂ አነጋገርኳቸው። መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። በማግስቱ ሌሊት ግን ከኛ ግቢ መጥተው አጥሩ ሥር ቆሙ። ብዙ አልቆዩም። «እኔ እኮ ሁልጊዜ ከውስጥ ነው የምሰማው» አሉና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ዳዕዋው በውስጥ ሆነ፤ ለሰሑር የተነሳው ሰው ግን አልቀነሰም።

የመጠጥ ቤቱን ባለቤት «ቀንስልን» ለማለት አፋችንን የምንሞላው፣ ሌላውም ቤተ እምነት እንዲያስብልን የምንጠይቀው፣ በቅድሚያ የራሳችንን ስናስተካክል ነው። ጎረቤት ዝም ማለቱ ሐቁን አያስቀርም፤ ነገ አላህ (ሱ.ወ.) ፊት እንጠየቅበታለን።

አላህ የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።