ጉባኤ ሲጠራ መረብህን አውጣ

ልጄ፣ የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር አባል ሆንክ ሲሉኝ ደስ አለኝ። አደራህን ግን ጉባኤ በተጠራ ቀን ሐይቅ ላይ እንዳትገኝ። «እገሌ ይናገርልኛል» የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም። የዕድር ልማድ ነው የሚያሳስተን፤ በሰፈራችን ዕድር ባል ቢቀር ሚስት ትገባለች። የኅብረት ሥራ ሕግ ግን ሌላ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 አባሉ ራሱ ተገኝቶ እንጂ በውክልና ድምፅ እንዳይሰጥ ከለከለ። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ቢተካም፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለው አልተነካም። ዕጣው የበዛውም ያነሰውም እጁን የሚያነሳው አንዴ ነው።

ለደቅ ደሴት ሰው ይህ ይከብዳል፤ ጀልባ ጠብቆ ባሕር ዳር እስኪደርስ ስብሰባው ይበተናል። ውክልና የተከለከለበትን ምክንያት ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ክረምት ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ መረብ ይጣል አይጣል ብለን ተሰበሰብን። ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ ያኔ የወንዙ አፍ ላይ የተያዘው እንቁላሉን ሳይጥል ይቀራል። መረብ የሚነግድ ዘመድ ያለው አንድ አባል ጣት የታተመባቸው ወረቀቶች ከኪሱ አወጣ፤ «የቀሩት ወክለውኛል» አለ። ኋላ ስንጠይቅ ከፈራሚዎቹ አንዳንዶቹ ጉዳዩ የጀልባ ሞተር ብድር መስሏቸው ነበር! ሰብሳቢው ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰለት።

የአባትህ የባንክ አክሲዮን ደግሞ በሌላ ሕግ ነው የሚሄደው። እዚያ ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ብዛት ነው፤ በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ መሄድ ያልቻለ ወኪል ይልካል። ለግማሽ ቀን ስብሰባ አዲስ አበባ ድረስ አትንከራተት፣ ወክል። ግን «በማናቸውም ጉዳይ» ብለህ አትፈርም። ለዚያ ጉባኤ ብቻ መሆኑና ቀኑ ይጻፍበት፤ በየአጀንዳው ደግፍ ወይም ተቃወም ብለህ ለይተህ ስጠው። የወኪሉ ስም ባዶ የተተወበት ቅጽ ላይ፣ ያመጣሁት እኔ ብሆንም እንኳ፣ አትፈርም። ለቦርድ የሚወዳደር ሰው ራሱ ቅጽ ይዞልህ ከመጣ ቡና ጋብዘውና «ላስብበት» ብለህ ሸኘው። ወኪልህ ሲመለስም ማንን እንደመረጠልህ ስም በስም ጠይቀው።