የፍየሏ ዋጋ የት ይጻፍ?

አንድ አጭር ልብ ወለድ እናስብ። ዘመኑ ዝናብ የነፈገበት ነው። አንዲት የአበርገሌ እናት የቀረቻትን አንዲት ፍየል በገመድ እየሳበች፣ ገና ሳይነጋ ከቆላው ተነሥታ ወደ ሰቆጣ ዳገቱን ተያይዛዋለች። ፍየሏን ሸጣ እህል ልትሸምት ነው፤ ልጆቿ ደጅ ደጁን እያዩ ይጠብቃሉ። ደራሲው ግን እሷም አንባቢውም የማያውቁትን አንድ ነገር ያውቃል። በድርቅ ጊዜ ያለው ሁሉ ከብቱን እየነዳ ገበያ ስለሚወጣ የፍየሉ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህሉ ይሰቀላል። (የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የረሃብ ጥናቱ ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፍ ይህንኑ አሳይቷል፤ አርብቶ አደሩ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ከብቱ ይሞትበታል፣ የተረፈውም ዋጋ ያጣል።)

ለመሆኑ ደራሲው ይህን ዋጋ የት ይጻፈው?

በመጨረሻው መስመር ቢጽፈው አንባቢ ይደነግጣል። በመጀመሪያው ቢጽፈው ግን መንገዱን ሁሉ ይጨነቃል። ፊልም ሠሪው አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን ልዩነት በቦምብ ምሳሌ ያስረዳ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ መኖሩን ተመልካች ካላወቀ የሚያገኘው የአሥራ አምስት ሰከንድ ድንጋጤ ነው፤ ካወቀ ግን ሰዎቹ የሚያወሩት ተራ ወሬ ሳይቀር አሥራ አምስት ደቂቃ ልቡን ይሰቅለዋል። በእኛም ታሪክ እንዲሁ ነው። ዋጋውን አስቀድመን ካወቅን ሴትዮዋ ለማረፍ በተቀመጠች ቁጥር፣ ፍየሏ ቅጠል ለመቀንጠብ በቆመች ቁጥር «ምነው በተመለሰች!» እንላለን። ልብ ሰቀላ፣ ንግር፣ ምፀት እያልን በትምህርት ቤት የተማርናቸው ስሞች ሁሉ እዚህ ዳገት ላይ ይገናኛሉ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። አበርገሌ ስሙን ለፍየል ዝርያ የሰጠ አገር ነው። የዚያ አገር ሴት የፍየል ዋጋ መውደቁን እንዴት አታውቅም? እኔና አንባቢዬ ልባችን እንዲሰቀል ስንል እሷን አላዋቂ አደረግናት ማለት ነው። ይህ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ አይመስለኝም። የተቸገረ ሰው ላይ ንብረቱን ካጣ በኋላ እውቀቱንም መውሰድ ነው። እያወቀች ብትሄድስ? ያን ጊዜ የምንጠብቀው ዋጋውን ሳይሆን ውሳኔዋን ይሆናል። ፍየሏ እርጉዝ መሆኗን እስካሁን አልነገርኋችሁም፤ እኔም እንግዲህ ከተንኮሉ ነፃ አይደለሁም። የዘንድሮን እህል በከርሞ ግልገል መለወጥ አለባት፤ ይህንንም ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ነገሩ የልብ ወለድ ብቻ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» ያለውን ፊልም በ1966 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ። ዋግ ያኔ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ግን ተቆራርጦና ተቀጥሎ። የረሃብተኛው ፊት ሲያልፍ የቤተ መንግሥት ግብር ይመጣል፤ ከዚያ ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ ይታያሉ። ረሃቡ እውነት ነው፣ ግብሩም፣ ውሾቹም። ፍርዱን የሰጠው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ፍርዱ ልክ ነበር የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም ረሃቡን የደበቀ መንግሥት ይቅርታ ይገባው ነበር አልልም። ሆኖም ያን ምሽት የተመለከተው ሕዝብ ሥዕሎቹን ያሰለፈ እጅ መኖሩን ስንቱ አስተውሏል?

አያቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻሉ ነበር። «ተረት ተረት» ሲሉ አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ካልመለሰላቸው አይጀምሩም። አድማጭ ሊጠብቅም ሊታለልም አስቀድሞ ፈቅዷል። አጭር ልብ ወለድ የሚያነብ ሰውም በፈቃዱ ነው የገባው። ያልፈቀደችው የአበርገሌዋ ሴት ናት።

ስለዚህ እኔ ብጽፈው ዋጋውን በመጀመሪያው አንቀጽ፣ በራሷ አፍ አስነግረዋለሁ፤ ገና ገመዱን ስትፈታ ለትልቋ ልጇ። ስንት ብር እንደምትላት ግን ሰቆጣ ገበያ ወርጄ መጠየቅ አለብኝ።