እጁን የዘረጋው ሰጪ ነው ወይስ ተቀባይ?

 

ሁላችንም ስልካችን ላይ "የሚገርሙ ነገሮች" የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን እናያለን። አንዱ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ መንደር ያሳየናል፤ ሌላው ታጥፎ ጠረጴዛ የሚሆን አልጋ። "ሱብሓነላህ!" እንላለን፣ ጣታችን ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ጣቴን ያዘው። የሚያምር ነገር አልነበረም። መንገድ ዳር የቆመ ድንጋይ ነው።

ድንጋዩ ያለው ቱርክ፣ ኢስታንቡል ውስጥ ነው። ቱርኮች "ሰደቃ ታሺ" ይሉታል፤ የሰደቃ ድንጋይ ማለት ነው። በዑስማኒያ ዘመን መስጂድ አጠገብ፣ ሰው ውሃ በሚቀዳበት ቦታ፣ በመቃብር ስፍራዎች አካባቢ ይተከል ነበር። ዛሬም እንደ ኡስኩዳር ባሉ የከተማዋ ነባር ሰፈሮች ጥቂቶቹ ቆመው ይታያሉ። አንዳንዶቹ ከጥንት ሕንፃ የተረፉ ዓምዶች ናቸው። ቁመታቸው አንድ ሜትር ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሜትር ይደርሳል። አናታቸው ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ያለው ሰው ሲያልፍ ሳንቲም ያኖርበታል። የቸገረው መጥቶ የሚበቃውን ያነሳል፣ የቀረውን ለሌላው ይተዋል። በቃ። ፎርም መሙላት የለ፣ ተሰልፎ መጠበቅ የለ።

እኔን የያዘኝ ቁመቱ ነው። ድንጋዩ ረጅም ስለሆነ መንገድ ላይ ያለ ሰው ጎድጓዳው ውስጥ ያለውን አያይም። አንድ ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ብታየው፣ እየሰጠ ይሁን እየወሰደ አታውቅም። የሰጪውም የተቀባዩም እንቅስቃሴ አንድ ነው። ሁለቱም እጃቸውን ያነሳሉ፣ ሁለቱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ይህን ሳነብ ያፈርኩበት ምክንያት አለኝ።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ረመዳን ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተን ዱቄት፣ ሩዝ፣ ዘይትና ቴምር ገዛን። ስናከፋፍል ቪዲዮ የመቅረጹ ሥራ የኔ ነበር። ወላሂ ኒያችን መጥፎ አልነበረም። ያዋጡት ሰዎች ገንዘባቸው የት እንደደረሰ እንዲያዩ፣ ያላዋጡትም እንዲነሳሱ ብለን ነው። አንዲት እናት ተራቸው ደርሶ ዘይቱን ሲቀበሉ የሻሻቸውን ጫፍ ሳብ አድርገው ፊታቸውን ከለል አደረጉ። እኔ ደግሞ "እናቴ፣ እስቲ አንዴ ወደዚህ ዞር ይበሉ" አልኳቸው። ዞር አሉ። ምን ያድርጉ? ዘይቱ በእጃቸው ነው፣ ልጆቻቸው ቤት ይጠብቃሉ።

ቪዲዮውን ብዙ ሰው አየው። "ማሻአላህ"፣ "አላህ ይቀበላችሁ" ተባልን። ከሳምንት በኋላ የእኚያ እናት ልጅ መንገድ ላይ አገኘኝ። አልተቆጣም። "ወንድሜ፣ አላህ ይስጣችሁ። ግን እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራዊሕ መውጣት ትታለች" ብሎኝ አለፈ።

ማታውኑ ቪዲዮውን አጠፋሁት። ቪዲዮ ግን ከስልክ ይጠፋል እንጂ ካዩት ሰዎች አእምሮ አይጠፋም። ወላጆቻችን "የሰው ፊት እሳት ነው" የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ ያንን እሳት በሺህ ፊት አባዛነው።

ስለ ስውር ሰደቃ ስንነጋገር ሁልጊዜ የምናነሳው ሰጪውን ነው። ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራ እጁ እስከማያውቅ የሚደብቀው ሰው በቂያማ ቀን ምን ዓይነት ጥላ ሥር እንደሚሆን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ሰምተናል። ስለ ሪያእ አደገኛነትም ብዙ ሰምተናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ድንጋዩ የሚደብቀው ሁለት ሰው ነው። የሰጪውን ኒያ ይጠብቃል፣ የተቀባዩንም ፊት ይጠብቃል። እኛ የመጀመሪያውን ስናስብ ሁለተኛውን ረሳነው።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ኒያዬ የኔ ነው፤ ባበላሸው የምከስረው እኔ ነኝ። የእኚያ እናት ፊት ግን የኔ አይደለም። ኢኽላሴ እንከን የሌለው ቢሆን እንኳ፣ ያን ቀን በልቤ ቅንጣት ሪያእ ባይኖር እንኳ፣ ያደረግኩት በደል ነበር። የሰጪ ቅንነት የተቀባይን ውርደት አይክስም። ሱረቱል በቀራ ውስጥ ሰደቃን የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች አብረው ተጠቅሰዋል፦ መመጻደቅና ማስከፋት። መከፋት ደግሞ በሰጪው ሐሳብ አይለካም። የሚያውቀው የተከፋው ሰው ነው።

"ታዲያ በግልጽ መስጠትስ አልተፈቀደም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ተፈቅዷል። እዚያው ሱራ ላይ በግልጽ የሚሰጥ ሰደቃም መልካም መሆኑ፣ ደብቆ ለድሆች መስጠት ደግሞ የተሻለ መሆኑ ተነግሯል። ሌላውን ለማነሳሳት ብሎ በሰው ፊት የሚሰጥ ሰው አጅሩን አላህ ያውቃል። ግን ልብ በሉ፤ በግልጽ መስጠት የሰጪውን እጅ ማሳየት ነው። የተቀባዩን ፊት አሳዩ ያለን የለም።

"አስፈቅደን ነው የምንቀርጸው" የሚልም አለ። እኔም እናትየውን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ዞረውልኛል። አሁን ሳስበው ጥያቄው "ፈቅደዋል ወይ?" አይደለም። "እምቢ ቢሉ ዘይቱን እንደሚያገኙ እርግጠኛ ነበሩ ወይ?" ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺታ ፈቃድ አይባልም።

ከሁሉም የሚከብደው የአማና ጥያቄ ነው። ሰው ገንዘቡን ሲሰጠን መረጃ ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። በሰደቃ ስም የሚያጭበረብሩ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ማስረጃው የግድ የሰው ፊት መሆን አለበት? የግዢውን ደረሰኝ እናሳይ። የተደረደረውን ዱቄት እናሳይ። ስንት ብር ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለስንት ቤተሰብ ደረሰ የሚለውን እንጻፍ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወይም የመስጂዱ ኮሚቴ ይመስክሩ። ዘካ የሚገባውን ሰው ለይቶ ማወቅ ግዴታ ነው፤ ማጣራት ያስፈልጋል። ማጣራት ሌላ ነው፣ ማሳየት ሌላ።

ደግሞም የሰደቃውን ድንጋይ ያቆሙት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ያልቸገረው ሰው እጁን ከቶ ሊወስድ እንደሚችል መገመት አያቅታቸውም። ግን ሁለት ኪሳራ ነበር የሚጠብቃቸው፦ ወይ አልፎ አልፎ ሳንቲም ይጠፋል፣ ወይ ደሃው ሁልጊዜ ይዋረዳል። የመጀመሪያውን መረጡ። ኪሳራው ያለው ሰው ላይ እንዲያርፍ ፈቀዱ። እኛ ካሜራ ስናወጣ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ይህ አስተሳሰብ በዑስማኒያ ዘመን አልተጀመረም። የሑሰይን ልጅ ዐሊይ፣ ዘይኑል ዓቢዲን በሚል ስም የምናውቃቸው፣ መዲና ውስጥ በሌሊት ምግብ ተሸክመው ወደ ድሆች ቤት ይሄዱ እንደነበር በታሪክ መጻሕፍት ይወሳል። ተቀባዮቹ ማን እንደሚያመጣላቸው አያውቁም ነበር። እሳቸው ሲሞቱ በሌሊት የሚመጣው ምግብ ቀረ። ጀናዛቸውን ያጠቡት ሰዎችም ጀርባቸው ላይ የሸክም ምልክት አዩ። መረጃቸው ያ ነበር።

ከድንጋዩ ጋርም አልሞተም። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ዳቦ ቤት ገብቶ የሁለት ዳቦ ከፍሎ አንዱን ይዞ የሚወጣ ሰው አለ። ሁለተኛው መስቀያ ላይ ይቆያል፤ የቸገረው መጥቶ ይወስደዋል። በ2020 በኮሮና ጊዜ ደግሞ ኢስታንቡል፣ ሳሪየር ውስጥ ያለ አንድ መስጂድ የጫማ መደርደሪያውን በምግብ ሞላው። ጀመዓ ተቋርጦ ጫማ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረማ! ጫማ በነበረበት ፓስታ፣ ዘይትና ብስኩት ተደረደረ። በዚያው ዓመት የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ሰዎች የማያውቁትን ሰው የውሃና የጋዝ ሂሳብ በኢንተርኔት የሚከፍሉበትን መንገድ ከፈተ። ድንጋዩ ቅርጹን ለወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

እኛም ጋ ድንጋይ መትከል አያስፈልግም። የሰፈር ሱቅ አለን፤ ሱቁ ውስጥ የዱቤ ደብተር አለ። በቀጣዩ ረመዳን እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። ገንዘቡን ለምናምነው ባለሱቅ ሰጠን፣ ስሞቹንም ለእሱ ብቻ። ሰዎቹ በሚመቻቸው ሰዓት እንደማንኛውም ደንበኛ መጥተው የሚፈልጉትን ይወስዳሉ። ዘይት ይዞ ከሱቁ የሚወጣውን ሰው ብታዩት፣ ገዝቶ ይሁን ተሰጥቶት አታውቁም። መጨረሻ ላይ ባለሱቁ ሂሳቡን ያለ ስም አሳየን፤ ላዋጡት አሳወቅን። "ማሻአላህ" የሚለን ሰው ቀነሰ። የሚገርመው፣ መዋጮው አልቀነሰም።

እኚያ እናት ሱቁ ጋ ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ባለሱቁንም አልጠየቅኩትም። አለማወቄ ደስ ይለኛል። ተራዊሕ ላይ ግን አንድ ማታ ከሴቶቹ በር ሲወጡ በሩቁ አየኋቸው። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

እህቴ፣ ወንድሜ፤ በዚህ ጁሙዓ ሰደቃ ልትሰጡ እጃችሁን ስትዘረጉ አንድ ጥያቄ ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህንን የሚቀበለው ሰው እናቴ ብትሆን፣ እንዴት ቢሰጧት እወድ ነበር?

አላህ ሰደቃችንን ይቀበለን፣ ገበናችንን በዱንያም በአኼራም ይሸፍንልን፣ የሌላውን ገበና የምንሸፍን ያድርገን። አሚን።