ማኅተሙ የማይናገረው

ያማረ ጥንታዊ ዕቃ መውደድ በራሱ ነውር አይደለም፤ የሰው እጅ በትዕግሥት የሠራውን ማድነቅ ሠሪውን ማክበር ነውና። ሆኖም የጥንት የእንግሊዝ የብር ዕቃዎችንና የከበሩ የእንጨት ሥራዎችን የሚሰበስብ ሰው ሊያልፈው የማይገባ የኅሊና ጥያቄ አለ። ውበቱ የተገኘው በሌላው ሰው ሥቃይ ከሆነ፣ ልንደሰትበት ይገባናልን?

የብር ዕቃ ስለ ራሱ ይመሰክራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1300 ዓ.ም. በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን የወጣው ሕግ፣ የብር ዕቃ ከመሸጡ በፊት እንዲፈተንና የነብር ራስ እንዲታተምበት አዘዘ። በኋላም የሠሪው ምልክት፣ የዓመቱ ፊደልና የሚራመደው አንበሳ ተጨመሩ፤ አንበሳው ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን ያረጋግጣል። ባልዋ የሞተባት ሄስተር ቤትማን በ1761 ምልክትዋን በለንደን አስመዘገበች፤ እነሆ ሥራዋ እስከ ዛሬ በስምዋ ይጠራል።

እንጨቱ ግን ዝም ይላል። የእንግሊዝ ሸንጎ በ1721 ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በሚመጣ እንጨት ላይ የነበረውን ቀረጥ ካነሣ በኋላ፣ የጃማይካ ማሆጋኒ ወደ ለንደን በብዛት ገባ። ቶማስ ቺፕንዴል በ1754 የንድፍ መጽሐፉን ሲያሳትም፣ ባለጸጎች የሚመርጡት እንጨት ይህ ነበር። ዛፉን የቆረጡትና የጎተቱት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። በብሩ ዕቃ ውስጥ የሚቀርበውም ስኳር የእነርሱ ላብ ነበር። ባርነትን የሚሽረው ሕግ የወጣው በ1833 ነው። በወንበሩ ላይ ግን የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም።

አንዳንዶች፦ «እንጨቱ ምን በደለ? ሟቾቹስ ከኀዘናችን ምን ያተርፋሉ?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ዕቃው ከቤት ይውጣ ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ በደሉን ይረሳሉ፤ ሁለተኛዎቹም ምስክሩን ያጠፋሉ። የተገፉት ሰዎች ድካም በዚያ ወንበር ውስጥ አለና፣ ወንበሩን ማቃጠል ድካማቸውን ዳግመኛ ከንቱ ማድረግ ነው።

እንግዲህ ሰብሳቢው ራሱን እንደ ባለአደራ እንጂ እንደ ጌታ አይቍጠር። ዕቃውን ለእንግዳ ሲያሳይ የጠቢቡን ስም ብቻ ሳይሆን ስም የሌላቸውንም ያስታውስ። ለሟቹ የተነፈገውን ደመወዝ ልንከፍለው አንችልም፤ የሕያው ሠራተኛ ዋጋ ግን በእጃችን ነው። ማኅተም ለማንበብ አጉሊ መነጽር የሚያነሣ ሰው፣ ወንበሩን የሚያድስለትን አናጢ ስም ይወቅ፤ ደመወዙንም ሳያጓድል በጊዜው ይክፈል።